ውሻ፣ ድመት ወይም ከብት ሲመረዝ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ምን ይደረግ?

ድመት ወለል ላይ የወደቀ የራስ ምታት ኪኒን ትውጣለች። ውሻ ቦርሳ በርብሮ ማስቲካ ያኝካል። ላም ከአጥር ወዲያ የበቀለ ቅጠል ትቀነጥባለች። ብዙ ጊዜ ወዲያው የሚታይ ነገር የለም። እንስሳው ይጫወታል፣ ይበላል። ባለቤቱም "ደህና ነው እኮ፣ እስከ ነገ እንየው" ይላል።

እስከ ነገ መጠበቁ ነው ብዙውን እንስሳ የሚገድለው። መርዙ ገና ሆድ ውስጥ እያለ ሐኪም ብዙ ማድረግ ይችላል። ምልክቱ እስኪወጣ ግን መርዙ ደም ውስጥ ገብቷል፤ ጉበት ወይም ኩላሊት መጎዳት ጀምሯል። ስለዚህ ምልክት አትጠብቁ። የማይሆን ነገር እንደበላ ካወቃችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ፣ በዚያችው ደቂቃ ሥራ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ አርቁት፣ ከዚያ ተመልከቱት

እንስሳውን ከበላው ነገር ለዩት። አፉ ውስጥ የቀረ ካለና የማይናከስ ከሆነ ጓንት አድርጋችሁ አውጡለት። ቤት ውስጥ ሌሎች እንስሳት ካሉ ሁሉም እንደበሉ ቁጠሩ። መንጋ ከሆነ በሙሉ ከግጦሹ ይውጣ፤ ግን ቀስ ብሎ። ልቡ ወይም ደሙ በመርዝ የተጎዳ ከብት ሲያሯሩጡት እዚያው ሊወድቅ ይችላል።

ነገሩ ቆዳው ላይ የፈሰሰ ከሆነ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። ከዚያ አድርቁትና አሙቁት። ድመት ራሷን ስለምትልስ ውሃ እስኪቀርብ ድረስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዟት።

ቀጥሎ ድዱን እዩ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። በጣት ስትጫኑት ይነጣል፤ ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ነጭ ከሆነ ደም አንሶታል ወይም ደም በደንብ እየተዘዋወረ አይደለም። ቢጫ ከሆነ ጉበቱ ተነክቷል ወይም ቀይ የደም ሕዋሳቱ እየፈረሱ ነው። ቡናማ ወይም ደማቅ ቀይ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ወደ ዕጽዋት ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አተነፋፈሱን፣ አካሄዱን፣ የዓይኑን ብሌን አስተውሉ። ቴርሞሜትር ካላችሁ በፊንጢጣ ለኩ። የውሻና የድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ከወረደም፣ ከ40 ካለፈም ለሐኪሙ ተናገሩ።

እየተንዘፈዘፈ ከሆነ አፉ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። ምላሱን አይውጥም። ሊጋጭበት የሚችለውን ዕቃ አንሱ፣ መብራት ቀንሱ፣ ድምፅ አጥፉ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሰዓት ያዙ።

ደረጃ 2፦ ማስረጃውን ሰብስቡ

የመድኃኒቱን ፓኬት፣ የቀሩትን ኪኒኖች፣ ጠርሙሱን ያዙ። ተክል ከሆነ አንድ ቅጠል ብቻውን አይበቃም፤ ቅጠሉ፣ አበባውና ፍሬው ያለበትን ቅርንጫፍ ቁረጡ ወይም ፎቶ አንሱ። ካስመለሰ ከትውከቱ ጥቂት በፕላስቲክ ቋጥሩ። ፓኬቱን የጣለ ሰው ካለ ቆሻሻው ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉት። የምሬን ነው። የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስምና ሚሊግራም ማወቅ የሕክምናውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሊቀይር ይችላል።

ከዚያ አንድ ትንሽ ሒሳብ ሥሩ። የተበላውን ሚሊግራም በእንስሳው ኪሎ አካፍሉ። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ከዋጠች በኪሎ 125 ሚሊግራም ደርሷታል። በኪሎ 50 እንኳ ለድመት መርዝ ነው፤ ከዚያ ባነሰ መጠን የተጎዱም አሉ። አንዲት ኪኒን ድመት ልትገድል እንደምትችል ይኸው ሒሳቡ ያሳያል። ስንት ኪኒን እንደጎደለ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ከፍተኛውን ቁጥር ያዙ።

ደረጃ 3፦ ደውሉ

ለእንስሳት ሐኪም ስትደውሉ ታሪኩን ከመጀመሪያ አትተርኩ። የእንስሳው ዓይነት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፤ የበላው ነገር፤ መጠኑ፤ ሰዓቱ፤ አሁን የሚታየው ነገር። በዚህ ቅደም ተከተል በአንድ ደቂቃ ይነገራል። እርጉዝ ከሆነች፣ የምታጠባ ከሆነች፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ጨምሩ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ አትዋሹ። ሰው በራሱ እጅ የሰጠውን መድኃኒት ያፍርበትና "ራሱ አግኝቶ በላ" ይላል። ቤት ውስጥ የነበረውን መጠጥ ወይም ዕፅ ይደብቃል። ሐኪሙ ሊወቅሳችሁ አይደለም የሚጠይቃችሁ። የሚሰጠው መድኃኒት ከበላው ነገር ጋር እንዳይጋጭ ነው።

ደረጃ 4፦ የማይደረጉትን አታድርጉ

በራሳችሁ ውሳኔ አታስመልሱ። ጨው በውሃ በጥብጦ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ግን ጨው ራሱ በብዛት ሲገባ አንጎልን የሚጎዳ መርዝ ነው። ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት ጉሮሮ ያቆስላል እንጂ አይጠቅምም። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ለውሻ አንዳንዴ ይሰጣል፤ እሱም ሐኪሙ በስልክ መጠኑን ሲነግራችሁ ብቻ። ለድመት በፍጹም አይሆንም፤ ጨጓራዋን ክፉኛ ያቆስለዋል።

ፈረስ፣ ጥንቸልና አይጥ ማስመለስ አይችሉም። አመንዣጊ ከብትም እንዲያስመልስ አይደረግም። ለሚችሉትም ቢሆን የማይሆንበት ጊዜ አለ፦ እንስሳው ከደነዘዘ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረ፤ ወይም የበላው በረኪና፣ የባትሪ አሲድ፣ ጋዝ ወይም ቤንዚን ከሆነ። አሲድና በረኪና ሲወጡ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥሉታል። ቤንዚን ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል።

ወተትና ዘይት "መርዝ ያረክሳል" የሚባለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ወተት አብዛኛውን መርዝ አያረክስም። ዘይት ደግሞ ራሱን ቀና አድርጎ ለተያዘ ከብት ወይም ለደከመ ውሻ ሲጠጣ ሳንባ ውስጥ ይገባና ሌላ በሽታ ያመጣል። የማብሰያ ከሰልም በሐኪም እጅ ያለውን የመድኃኒት ከሰል አይተካም። የመድኃኒቱ ከሰልም ቢሆን ሁሉን አይዝም፤ አልኮልንና ብረትን አይዝም።

መድኃኒቶች

በቤት እንስሳት ላይ የሚደርሰው የመድኃኒት መመረዝ ብዙ ጊዜ በፍቅር የተነሳ ነው። ሰው ውሻው ሲያነክስ አይቶ ያዝንና የራሱን የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል። ግን የእንስሳ ጉበት እንደ ሰው ጉበት አይሠራም። ድመት ፓራሲታሞልን አጣርቶ የሚያስወጣው የጉበት ኤንዛይም በጣም አነስተኛ ነው ያላት። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጥና ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፤ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። በጊዜ ከተደረሰ አሲቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለው።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ መጠኑ ሲጨምር ኩላሊትን ያቆማሉ። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ካያችሁ ጨጓራው ወይም አንጀቱ እየደማ ነው። አስፕሪን ደግሞ ከድመት ሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጃል፤ በየቀኑ ሲሰጥ ይከማቻል።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ኪኒኑን ከውሻ ይጠብቅ። አይሶናያዚድ ውሻን በአጭር ጊዜ ውስጥ ያንዘፈዝፋል። ማርከሻው ቫይታሚን ቢ6 ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ ስለሆነ መድኃኒቱን በስሙ ለሐኪሙ መናገር ሕይወት ያተርፋል።

ለእንስሳት ተብሎ የተሠራውም መድኃኒት ለሁሉም እንስሳ አይሆንም። ሦስቱን በተለይ ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ፐርሜትሪን ነው። ለውሻ ቁንጫና መዥገር ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይህን ይይዛል። ድመት ላይ ሲደረግ ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል። የተቀባ ውሻ አጠገብ የተኛች ድመት እንኳ ልትታመም ትችላለች።

ሁለተኛው አይቨርሜክቲን ነው። በትክክለኛ መጠኑ ጥሩ መድኃኒት ነው። ችግሩ ለከብት የተዘጋጀው መርፌ ለውሻ ሲሰጥ ነው። በጣም የተጠናከረ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ኮሊና ተመሳሳይ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ውስጥ ደግሞ የዘረመል ለውጥ ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ ይገባል። ዓይናቸው ይጠፋል፣ ይደነዝዛሉ፣ ራሳቸውን ይስታሉ።

ሦስተኛው ሞኔንሲን ነው፤ የዶሮና የከብት መኖ ውስጥ ይጨመራል። ለፈረስ ገዳይ ነው። በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም የልብ ጡንቻውን ያበላሸዋል። የዶሮ መኖ ጆንያ ከፈረስና ከአህያ ጋር አንድ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥ።

ስለ ምግብ ነክ ነገሮች በአጭሩ ልናገር። ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ስኳር አልባ ማስቲካና ከረሜላ ውስጥ አለ። በኪሎ 0.1 ግራም ብቻ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የውሻን የደም ስኳር ሊጥል ይችላል፤ ከ0.5 ግራም በላይ ሲሆን ጉበቱን ያፈርሳል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ ለውሻ መርዝ ናቸው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም ቢደቁም፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳሉ፤ ድመት ከውሻ ይልቅ ትጎዳለች። የሽንኩርት ጉዳት ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ሰው ከምግቡ ጋር አያያይዘውም።

ዕጽዋት

ድመት ካላችሁ ሊሊ አበባ ቤት አታስገቡ። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፀጉሯ ላይ የረገፈው ብናኝ፣ የአበባ ማስቀመጫው ውሃ እንኳ ኩላሊቷን በሦስት ቀን ውስጥ ያቆመዋል። መጀመሪያ ታስመልሳለች፣ ከዚያ የተሻላት ትመስላለች። ያ መሻል አያታልላችሁ። በመጀመሪያው ቀን በደም ሥር ፈሳሽ ከተጀመረላት የመዳን ዕድሏ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ከብት ልሂድ። ብዙ ሀብት በአንድ ጠዋት የሚጠፋው እዚህ ነው።

ለጋ ማሽላ ውስጥ ሳያናይድ የሚሆን ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲታኘክ፣ ሲጠወልግ ወይም ውርጭ ሲመታው ሳያናይዱ ይለቀቃል። የከብት ሆድ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ደግሞ ያፋጥኑታል። ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቆጠ፣ ወይም ድርቅ መትቶት ዝናብ ሲያገኝ እንደገና ያበቀለ ማሽላ የባሰ አደገኛ ነው። ከብቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያለከልካል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ድዱ ደማቅ ቀይ ነው። ደሙ ኦክስጅን ሞልቶት ሕዋሳቱ ሊጠቀሙበት ስላልቻሉ ነው እንዲያ የሚቀላው።

ናይትሬት የሚያደርሰው መመረዝ በአካሄዱ ይህንኑ ይመስላል። ብዙ ማዳበሪያ የፈሰሰበትና ድርቅ የመታው በቆሎ፣ ማሽላ ወይም አጃ ናይትሬት ያከማቻል፤ በተለይ የአገዳው ታችኛው ክፍል። እዚህ ግን ደሙና ድዱ ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ ነው።

ቀለሙ ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል? ለሳያናይድ ከሚሰጡት ማርከሻዎች አንዱ ሶዲየም ናይትራይት ነው፤ ከታዮሰልፌት ጋር ይሰጣል። ያንኑ ናይትራይት ናይትሬት ለመረዘው ከብት መስጠት ማለት በመርዝ ላይ መርዝ መጨመር ነው። ለናይትሬት የሚሰጠው ሜቲሊን ብሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ገና መንገድ ላይ እያለ "ድዱ ደማቅ ቀይ ነው" ወይም "ቡናማ ነው" ብላችሁ ብትነግሩት የትኛውን መድኃኒት ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

መከላከያቸውም ይለያያል። ማሽላው ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ሳይደርስ ከብት አታስገቡበት። የራበውን ከብትም አትልቀቁበት፤ መጀመሪያ ድርቆሽ ይብላ። ሳያናይድ በደንብ ሲደርቅ በአብዛኛው ይቀንሳል። ናይትሬት ግን ድርቆሽ ሆኖም አይጠፋም። የሚጠረጥሩት መኖ ካለ ማስመርመር፣ ካልሆነም ከሌላ ጥሩ መኖ ጋር ቀላቅሎ በጥቂቱ ማለማመድ ነው። ከናይትሬት የተረፈች እርጉዝ ላም ከቀናት በኋላ ልትጨነግፍ ስለምትችል ተከታተሏት።

የወፍ ቆሎ የሚባለው ባለ ቀለም አበባ ቁጥቋጦ የከብትና የበግ ጉበት ይጎዳል። የተጎዳው ጉበት ከሣር የሚመጣውን ቀለም ማስወጣት ሲያቅተው ፀሐይ ቆዳውን ታቃጥለዋለች። ነጭ ፀጉር ያለበት ቦታና አፍንጫው ይላጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ብዙዎች የቆዳ በሽታ ነው ብለው ቅባት ይቀባሉ። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ ሐኪም ጥሩ። መርዙ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ቆይቶ ለቀናት መግባቱን ስለሚቀጥል "ከግጦሹ አውጥቼዋለሁ" ማለት ብቻ አይበቃም።

ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ልብን ይመታል። ጥቂት ቅጠል ለፈረስም ለበሬም ይበቃል፤ ሲደርቅም መርዙ አይለቅም። አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አጥር ተከርክሞ ቅርንጫፉ ከብት ወዳለበት ሲጣል ነው። የጉሎ ፍሬ ሲታኘክ ራይሲን የሚባል ከባድ መርዝ ይለቃል። አስተናግር የበላ እንስሳ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል።

አልኮል

ውሻን ቢራ አጠጥቶ መሳቅ ቀልድ አይደለም። 5 ኪሎ ውሻ 50 ሚሊ ሊትር አረቄ ሲጠጣ፣ በክብደት ሲሰላ 60 ኪሎ ሰው 600 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ እንደ መጠጣቱ ነው። ሙቀቱ ይወርዳል፣ የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ መተንፈሱ ይዘገያል።

መጠጥ ሳይኖርም አልኮል አለ። ያልተጋገረ እርሾ ያለበት ሊጥ ውሻ ሆድ ውስጥ ሙቀት አግኝቶ መቡካቱን ይቀጥላል። ሆዱ በጋዝ ይወጠራል፤ ከሊጡ የሚወጣው አልኮልም ያሰክረዋል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚመጡት። የእጅ ሳኒታይዘር ከ60 በመቶ በላይ አልኮል ነው። የበሰበሰ ፍራፍሬም እንዲሁ ይቦካል። ከብት ደግሞ የመጠጥ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ወይም አተላ ሳይለምድ በብዛት ሲሰጠው ይንገዳገዳል፣ ሆዱ አሲድ ይሞላል። ከጥቂት ጀምራችሁ በሳምንታት ውስጥ አሳድጉለት፤ የሻገተውን ጣሉት።

የሰከረውን እንስሳ አሙቁት፣ በደረቱ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ማር ድዱ ላይ ቀቡለት፤ ካልቻለ ምንም አፉ ውስጥ አታድርጉ። ቡና አትስጡ፤ ካፌይን ለውሻ ሌላ መርዝ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት። ከዚያ ወደ ሐኪም።

ከሁሉ የሚከፋው የመኪና ራዲያተር ፈሳሽ፣ አንቲፍሪዝ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ስለሆነ እንስሳት ይልሱታል። ለድመት በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ይገድላል። መጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፣ ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፣ ከዚያ ኩላሊቱ ይቆማል። ሐኪም ፎሜፒዞል የሚባለው ማርከሻ ከሌለው ንጹሕ አልኮል በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል፤ አልኮሉ ጉበት ውስጥ ቀድሞ ኤንዛይሙን ይይዝና ፈሳሹ ወደ መርዝነት እንዳይለወጥ ያደርገዋል። ይህን ሰምታችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ መጠኑ በጥንቃቄ የሚለካ ነው። የእናንተ ሥራ ፍጥነት ነው። ከላሱት ጊዜ ጀምሮ ድመት በ3 ሰዓት፣ ውሻ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ማርከሻው ካልደረሳቸው ተስፋው በጣም ይቀንሳል።

እንስሳው ከሞተ

ከብት በድንገት ሞቶ ስታገኙት መርዝ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር የማይረጋ ደም የሚወጣ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፣ አትንኩት፤ ሰው ይገድላል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

መርዝ መሆኑ ከታወቀም ሥጋው አይበላም፤ ለውሻም አይጣል። ሲታከም የነበረ ላም ወተትም ሐኪሙ "ይበቃል" እስኪል ድረስ ይደፋ። በድን ውስጥ የሚቀር መድኃኒት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ በደቡብ እስያ ታይቷል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዳይክሎፌናክ የታከሙ ከብቶችን በድን የበሉ ጥንብ አንሳዎች በኩላሊት መቆም አለቁ። የአንዳንዶቹ ዝርያ ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ወረደ። ምክንያቱ የተረጋገጠው በ2004 ነው፤ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። በሐኪም መርፌ እንዲሞት የተደረገ እንስሳም እንዲሁ ነው፤ መርፌው ውስጥ ያለው ፔንቶባርቢታል የሚባል መድኃኒት በድኑ ውስጥ ይቆያል፣ የበላውን ውሻና አሞራ ይገድላል። በድኑን ከውሃ ምንጭ ርቃችሁ፣ አውሬ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። የተረፈውን መኖና ቅጠል ግን ከመቅበራችሁ በፊት ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ለምርመራ አስቀሩ፤ የቀሩት እንስሳት ሕክምና በእሱ ይወሰናል።